ቻይ ሁ ከባይ ሻኦ ጋር፦ ስለ ጉበት ጥንድ መድኃኒቶች የተነሳ ሙግትና 17 መልሶቹ

የውይይቱን ክር የከፈተው ሰው ጥያቄም ሙግትም ይዞ ነው የመጣው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለጉበት ከሚታዘዙ ጥንዶች ቀዳሚው ቻይ ሁ እና ባይ ሻኦ ነው ይባላል፤ ታዲያ መጠናቸው በአንዱ ቅመም እኩል ሆኖ በሌላው አንደኛው የሚበልጠው ለምንድን ነው? ጥያቄው ይህ ነው። ሙግቱ ደግሞ፣ ሁለቱም የጉበት መድኃኒት ስለሆኑ ሲደመሩ ኃይላቸው እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 9 ግራም በ9 ግራም አድርጎ በየቀኑ አፍልቶ መጠጣት ጉበቱ ስብ ለያዘበትም፣ የወፍ በሽታ ላለበትም፣ ለጤነኛም ሰው ይበጃል የሚል ነው። ለማያውቅ አንባቢ፦ ቻይ ሁ ቡፕለረም የሚባል ተክል ሥር ነው፤ ባይ ሻኦ የነጭ ፒዮኒ አበባ ሥር። መልሶቹን እንደ አመጣጣቸው አሳጥሬ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልስ 1 ከፋቹን አመስግኖ ይጀምራል፤ መደመር የሚለውን ቃል ግን አይቀበልም። ጥንድ በቻይንኛ ዱዪ ያኦ ይባላል። በሼን ኖንግ ስም በሚጠራው ጥንታዊ የመድኃኒት መጽሐፍ 365 መድኃኒቶች ተዘርዝረዋል፤ የእርስ በርስ ጠባያቸውም በ7 ተከፍሏል። ብቻውን የሚሠራ አለ። ተመሳሳዩን የሚያጎለብት፣ ለሌላው ረዳት የሚሆን አለ። መርዙ በሌላው የሚበርድለት፣ የሌላውን መርዝ የሚያከሽፍ፣ የሌላውን ፈውስ የሚያጠፋ አለ፤ በመጨረሻም ሲገናኙ ጉዳት የሚወልዱ አሉ። ቻይ ሁ እና ባይ ሻኦ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች አይደሉም። ቻይ ሁ የታፈነውን ይከፍታል፣ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነዳል። ባይ ሻኦ ጎምዛዛ ነው፤ ይሰበስባል፣ ያለሰልሳል። አንዱ ፈረስ ነው ሌላው ልጓም፤ ሁለት ፈረስ ብሎ ማሰብ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው ይላል መላሹ።

መልስ 2 የክሩ ትክክለኛ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተጠየቀውን መጠን ወደ ግራም አውርዶ ይነግረናል። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ የሃን ዘመኑ ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ባቀናበረው ስ ኒ ሳን ውስጥ አራቱም ማለትም ቻይ ሁ፣ ባይ ሻኦ፣ ዢ ሺ የተባለው ያልበሰለ መራራ ብርቱካን እና ጋን ጻኦ የተባለው ጣፋጭ ሥር እኩል እኩል ናቸው። ያ ቅመም መጀመሪያ ተፈጭቶ በሩዝ ውሃ በቀን 3 ጊዜ የሚወሰድ ዱቄት ነበር። የታሰበውም እጁና እግሩ ለሚቀዘቅዝ ሰው ነው፤ ብርዱ ከድካም ሳይሆን ውስጡ ከመታፈኑ የመጣ ከሆነ። በሶንግ ዘመን በመንግሥት መድኃኒት ቤት መዝገብ የገባው ሺያኦ ያኦ ሳን ደግሞ ቻይ ሁ፣ ባይ ሻኦ፣ ዳንግ ግዊና ባይ ዡ የተባሉትን ሥሮች እና ፉ ሊንግ የተባለውን ፈንገስ እኩል፣ ጋን ጻኦን ግማሽ ያደርጋል። ዛሬ በአብዛኛው 9 ግራም በ9 ግራም፣ ጋን ጻኦው 4.5 ግራም ሆኖ ይታዘዛል። የጎን ሕመምን በሚያነጣጥረው ቻይ ሁ ሹ ጋን ሳን ግን ቻይ ሁው 2 ቺያን (የድሮ የክብደት መለኪያ)፣ ባይ ሻኦው 1.5 ቺያን ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚፈለገው መክፈቱ ነው። በተቃራኒው አፉ የሚደርቅ፣ ምላሱ ቀልቶ ሽፋን ያጣ፣ ሌሊት የሚያልበው ሰው ሲመጣ ቻይ ሁው ወደ 6 ግራም ወርዶ ባይ ሻኦው ወደ 12 ወይም 15 ግራም ይወጣል። ቻይ ሁ የጉበትን እርጥበት ይዘርፋል የሚለው የድሮ ሐኪሞች ወቀሳ የመጣው ይህን ሚዛን ከመርሳት ነው። ከ1881 እስከ 1969 የኖረው የቤጂንጉ ሐኪም ሺ ጂንሞ ትእዛዝ ሲጽፍ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ያሰፍር እንደነበርም ይጨምራል፤ አንባቢው የትኛው የትኛውን እንደሚይዝ በዓይኑ እንዲያይ።

መልስ 3 አጭር ነው፣ ግን መዝለል አይገባም። ቻይ ሁ ሲገዛ የቻይና ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት መመዘኛ መጽሐፍ) የሚቀበላቸው ሁለት ዝርያዎች ብቻ ናቸው፤ ሰሜናዊውና ደቡባዊው። ትልቅ ቅጠል ያለው ዳ የ ቻይ ሁ መርዛማ ስለሆነ በምትኩ መግባት እንደሌለበት ፋርማኮፒያው ራሱ በግልጽ ጽፏል። የተቆራረጠ ሥር በዓይን ስለማይለይ፣ የላቲን ስሙ ያልተጻፈበትን ከረጢት መላሹ መልሱ ይላል። ባይ ሻኦም ቢሆን እጅግ ነጥቶ አፍንጫን የሚቆነጥጥ ሽታ ካለው በድኝ ታጥኗል ማለት ነው፤ ድኙ ደግሞ የሥሩን ዋና ንጥረ ነገር ፒዮኒፍሎሪንን ይለውጠዋል።

መልስ 4 ውይይቱን ከሥሩ ያናጋዋል። ቻይናዎች ጋን የሚሉት እኛ ጉበት ከምንለው ጋር በስም እንጂ በሥራ አንድ አይደለም። ጋን ደም ያከማቻል፣ የሰውነትን ፍሰት ያቃናል፣ በዓይን ይገለጣል፣ ጅማትን ይመግባል፣ ቁጣም የእሱ ነው። ሺያኦ ያኦ ሳን ከወር አበባ በፊት ጡቷ ለሚወጠር፣ ጎኗን ለሚይዛት፣ ለሚያስገሳትና ለሚከፋት ሴት ሲታዘዝ የደም ምርመራዋ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የጋን ምልክት አንድም ሳያሳይ ጉበቱ ሊጠባበስ ይችላል። ስለዚህ የከፋቹ ለጉበት የሚል ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከቷል። ይህን መልስ ያነበበ ሰው የቀረውን ክር በሌላ ዓይን ያየዋል።

መልስ 5 አይስማማም፤ ድምፁም ትንሽ ይጠነክራል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ያን ያህል አይሰፋም፤ ዪን ቼን ሃኦ ታንግ የተባለው ቅመም ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው የተቀመመ ነው፣ ያም እውነተኛው ጉበት ነው ይላል። መልስ 6 ግማሹን ያርመዋል። ቢጫነትን ዣንግ ዦንግጂንግ የጋን በሽታ አላለውም፤ በሆድና በጨጓራ ውስጥ እርጥበትና ሙቀት ሲታሰሩ የሚመጣ ነው ያለው። ከዚያ አፈላሉን ይዘረዝራል፦ ዪን ቼን የተባለው ተክል 6 ሊያንግ (ይህም የድሮ የክብደት መለኪያ ነው)፣ ዢ ዝ የተባለው የጋርዴኒያ ፍሬ 14 ፍሬ ተሰባብሮ፣ ዳ ሁዋንግ የተባለው ሩባርብ 2 ሊያንግ። መጀመሪያ ዪን ቼን ብቻውን በ12 ሼንግ (የድሮ የፈሳሽ መለኪያ) ውሃ ይፈላና 6 ሼንጉ ተንኖ ሲያልቅ ሁለቱ ይገባሉ፤ 3 ሼንግ ሲቀር ተጠልሎ በ3 ይከፈላል። ዛሬ 18፣ 12 እና 6 ግራም ገደማ ይታዘዛል። ሩባርቡ ብዙ በፈላ ቁጥር ተቅማጥ የማምጣት ኃይሉ ይቀንሳል፤ መጨረሻ ላይ ለ5 ደቂቃ ብቻ የሚጨምሩት ሰዎች ቅመሙን ተቅማጥ የሚያመጣ ያደርጉታል። ጋርዴኒያም ለዓመታት የሚጠጣ አይደለም። በጃፓን ከ5 ዓመት በላይ በወሰዱ ሰዎች ላይ የአንጀት ደም መላሾች መደንደን ስለታየ ማስጠንቀቂያው በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ገብቷል።

መልስ 7 ከመንገድ ይወጣል፣ ግን ደስ በሚል መንገድ። ቻይናዎች ድፍረትን በሐሞት ይለካሉ፤ ፈሪውን ትንሽ ሐሞት ያለው ይሉታል። እኛም ሐሞተ ቢስ፣ ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። ጋን እና ሐሞት በቻይና ሕክምና ጥንድ መሆናቸውን አማርኛ ተናጋሪ ሳይማር ግማሹን ያውቀዋል ይላል።

መልስ 8 ከዚሁ የቅርበት ስሜት ተነስቶ ይመስላል፣ ዪን ቼን የአርቴሚዚያ ወገን ከሆነ በእሱ ፈንታ አሪቲ ወይም ጭቁኝ ለምን አይሆንም ብሎ ይጠይቃል። መልስ 9 እዚህ ላይ ይቆጣል። ወገን መሆን አንድ መሆን አይደለም፤ በአርቴሚዚያ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉ፣ ፋርማኮፒያው ለዪን ቼን የሚቀበለው ሁለቱን ብቻ ነው። አገር ቤት አሪቲና ጭቁኝ ከሚባሉት መካከል ቱጆን የሚባል ነርቭ የሚመርዝ ንጥረ ነገር ያላቸው አሉ፤ ሽታ ለመሽተት ጥሩ ነው፣ 18 ግራም አፍልቶ መጠጣት ሌላ ነገር ነው። ራሱ ትክክለኛው ተክል እንኳ ወቅት ይጠብቃል። ቻይናዎች በ3ኛው ወር ዪን ቼን፣ በ4ኛው አረም፣ በ5ኛው ማገዶ ይላሉ። የጸደዩ ቀንበጥ ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይለቀማል፤ ለስላሳና ግራጫማ ነጭ ጸጉር የለበሰ መሆን አለበት። በበጋ ግንዱ ከጠነከረ በኋላ የተቆረጠ ግን እንጨት ነው። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ጠያቂውን ማሳፈሩ ግን አስፈላጊ አልነበረም።

መልስ 10 ከሁሉም ረጅሙ ሲሆን ከፋቹ ያላነሳውን ጥንድ ያመጣል፦ ቻይ ሁ ሁዋንግ ቺን ከተባለው ሥር ጋር። ይህ የሺያኦ ቻይ ሁ ታንግ ልብ ነው፤ በጥንቱ ትእዛዝ 8 ሊያንግ በ3 ሊያንግ። አንድ ጊዜ ፈልቶ ግማሹ ሲቀር ይጠለላል፣ ዝቃጩ ተጥሎ ፈሳሹ ብቻ እንደገና ወደ ግማሹ ይወርዳል። የሃን ዘመን ሊያንግ በዛሬ ተመራማሪዎች ስሌት ከ14 እስከ 15 ግራም ገደማ ነው፤ ከሚንግ ዘመን ወዲህ የለመደው ልማድ ግን 3 ግራም ብሎ ይመነዝረዋል። ስለዚህ ያው ትእዛዝ በአንዱ እጅ ከ110 ግራም በላይ ቻይ ሁ፣ በሌላው 24 ግራም ይሆናል። መጽሐፉን ጠቅሶ ግራሙን የማይናገር ሰው ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

ከዚያ ጃፓን ይገባል። ይኸው ቅመም እዚያ ሾ ሳይኮ ቶ ተብሎ በፋብሪካ ተጨምቆ፣ በመድን ተሸፍኖ፣ ሥር ለሰደደ ሄፓታይተስ በብዛት ይሰጥ ነበር። በ1995 የታተመ ጥናት 260 የሲሮሲስ (የጉበት መጠባበስ) ሕሙማንን ለ5 ዓመት ተከታትሎ በጠጡት መካከል የጉበት ካንሰር ዝቅ ብሎ አሳይቷል፤ ልዩነቱ ግን አጋጣሚ አይደለም ለማለት አልበቃም። በዚያው ጊዜ ሳንባ ይቆጣ ጀመር። በ1994 ለሄፓታይተስ ከሚወጋው ኢንተርፌሮን ጋር አብሮ እንዳይሰጥ ተከለከለ፤ በመጋቢት 1996 የጃፓን ጤና ሚኒስቴር 88 የሳንባ መቆጣት ሕሙማንና ከእነሱ 10 ሞት መመዝገቡን አስታወቀ። ዛሬ ሲሮሲስ፣ የጉበት ካንሰር ወይም ከ100,000 ያልበለጠ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው ህዋስ) ላለው ሰው አይሰጥም። ደረቅ ሳል፣ ትኩሳት፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ከታየ በዚያው ቀን ማቆም ነው፤ እስከ ቀጣይ ቀጠሮ መጠበቅ የለም። በካምፖ (ከቻይና በመጡት የጃፓን ባህላዊ) መድኃኒቶች ምክንያት ሳንባቸው ከተጎዳ ሰዎች ብዙዎቹ የወሰዱት ሁዋንግ ቺን ያለበትን ቅመም መሆኑን መላሹ አስምሮበታል።

መልስ 11 ተከላካይ ነው። ጥፋቱ የጥንዱ አይደለም፣ ብርድና ትኩሳት የሚፈራረቅበትን፣ አፉ የሚመርረውን፣ ደረቱና ጎኑ የሚሞላበትን ሰው ትቶ ሄፓታይተስ የሚል ስም ላለው ሁሉ ማደሉ ነው ይላል። ለአጭር ጊዜ የታሰበ ለዓመታት ተጠጣ። እውነት አለው፤ ግን ሙሉ መልስ አይመስለኝም። ምልክቱ የተገጠመለት ሰውም ፕላትሌቱ ካነሰ አደጋው አይቀርለትም፤ ምላስና የልብ ትርታ ማየት ፕላትሌት አይቆጥርም።

መልስ 12 ለጎን ሕመም የሚታዘዘውን ጂን ሊንግ ዝ ሳን ያነሳል፦ ቹዋን ሊያን ዝ የተባለው ፍሬ እና የን ሁ ሱኦ የተባለው ሥር እኩል ተፈጭተው በወይን 3 ቺያን። የን ሁ ሱኦ በኮምጣጤ የሚታሸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሲዱ አልካሎይዱን ወደ ጨውነት ለውጦ በውሃ በቀላሉ እንዲሟሟ ያደርገዋል። ችግሩ ባልደረባው ነው። ቹዋን ሊያን ዝ ውስጥ ያለው ቱሰንዳኒን ራሱ ጉበት ይጎዳል፤ ፋርማኮፒያው ጥቂት መርዝ አለው ብሎ በ5 እና በ10 ግራም መካከል አጥሮታል። የጉበት ምርመራው ከፍ ላለ ሰው ይህን ጥንድ፣ ያውም በወይን መስጠት አይገባም፤ በቹዋን ሊያን ዝ ቦታ ከ6 እስከ 10 ግራም ሺያንግ ፉ ወይም ዩ ጂን ይገባል። ዩ ጂን ሲነሳ ስለ 19ኙ መፈራራቶች፣ ማለትም አብረው መግባት ስለሌለባቸው መድኃኒቶች የድሮ ዝርዝር፣ ያስታውሳል፤ በዚያ ዝርዝር ዩ ጂን ከቅርንፉድ ጋር አይገናኝም። ወዲያው ሌላ ሰው (መልስ 13) እኛ እርድና ቅርንፉድን በአንድ ወጥ ውስጥ እንጨምር የለም ወይ ብሎ ይደነግጣል፤ ከዚያ ራሱ ያረጋጋዋል፦ ወጥ ውስጥ የምናውቀው እርድ ግንዱ ነው፣ ቻይናዎች ጂያንግ ሁዋንግ የሚሉት። ዩ ጂን ግን ከሥሩ ጫፍ የሚያብጠው እንክብል ነው፤ ሕጉ የተጻፈውም በእሱ ላይ ነው።

መልስ 14 ስለ ስም መምታታት ነው፣ በጣም ከባዱም ክፍል። የጉበትን እሳት ያበርዳል በሚባለው ሎንግ ዳን ሺዬ ጋን ታንግ ውስጥ ሙ ቶንግ የሚባል አለ። ለብዙ ዓመታት በቦታው ጓን ሙ ቶንግ ገባ፤ እሱ ደግሞ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት፣ ኩላሊት የሚያደርቅና ካንሰር የሚያመጣ ተክል ነው። ቻይና በ2003 ከመድኃኒትነት አወጣችው። እንዲሁ ደም ለማቆም የሚታወቀው ሳን ቺ እና ቱ ሳን ቺ በስም ይቀራረባሉ፤ ሁለተኛው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ስላለው የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። መላሹ ይህ ሩቅ እንዳይመስለን በሰሜን ምዕራብ ትግራይ የታየውን የሆድ ማበጥ በሽታ ያስታውሳል፤ እዚያም ጥናቶች ጣታቸውን ከቀሰሩባቸው ነገሮች አንዱ በእህል ውስጥ የገባ አረም ያመጣው ያው የአልካሎይድ ወገን ነው። ለጸጉር የሚሸጠውን ሄ ሾ ዉን ሳይጠየቅ ይጨምራል፤ በጥቁር ባቄላ ተቀቅሎ የተዘጋጀውም ቢሆን ጉበት ማቃጠሉ ተመዝግቧል፣ ኤችኤልኤ ቢ 35:01 የተባለ የዘር ምልክት ያላቸው ሰዎች የበለጠ ተጋላጭ ናቸው።

መልስ 15 ከፋቹ ነው፤ ተቆጥቷል። እስካሁን እርስዎ ሲል የነበረው አንተ ማለት ጀምሯል። የሆስፒታሉ ፓራሲታሞልም ጉበት ይገድላል፣ ዉ ወይ ዝ የተባለው ፍሬ ደግሞ ኤኤልቲን (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረውን ኢንዛይም) እንደሚያወርድ የታወቀ ነው፣ ታዲያ ለምን ቅጠሉ ብቻ ይከሰሳል ይላል። መልስ 16 በእርጋታ ይመልሳል። ፓራሲታሞል ይገድላል፣ አዎ፤ ስለዚህም በቀን ከ4 ግራም አይበልጥም ተብሎ ተጽፎለታል፣ ማርከሻውም ኤን አሴቲልሲስቴይን ይታወቃል። ለቹዋን ሊያን ዝ ማርከሻ የለም። ዉ ወይ ዝ ኤኤልቲን ማውረዱ እውነት ነው፤ ቻይና በዚሁ ፍሬ ላይ ተመሥርታ ቢፌንዴት የሚባል ክኒን ሠርታለች። ግን ክኒኑ ሲቆም ቁጥሩ በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይወጣል፤ የወረደ ቁጥር ማለት ቫይረሱ ሞተ፣ ጠባሳው ለሰለሰ ማለት አይደለም። ዉ ወይ ዝ የሌሎችን መድኃኒቶች መሰባበርም ያዘገያል፤ ጉበት ወይም ኩላሊት የተተካለት ሰው ሰውነቱ የተተካለትን እንዳይገፋ የሚውጠው ታክሮሊመስ በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የቫይረሱን መድኃኒት ቴኖፎቪሩን አቁሞ ጥንድ ሥር ቢያፈላ፣ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ሊነሳ ይችላል። ጋን ጻኦም እንደ ጣፋጭ አይታይ፤ ፖታሲየም ስለሚያወርድና ውሃ ስለሚያስቋጥር፣ ሆዱ ውሃ ይዞ የሚያሸና ክኒን ለሚወስድ ሰው ጠላት ነው።

መልስ 17 ክርክሩን ትቶ ሺያኦ ያኦ ሳን በሐኪም ለታዘዘለት ሰው አፈላሉን ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልመለሰም። ቻይ ሁው በ100 ግራም 20 ግራም የሩዝ ኮምጣጤ ተረጭቶ፣ ተሸፍኖ ኮምጣጤውን እስኪጠጣ ይቆይና በዝግታ እሳት እስኪደርቅ ይታመሳል፤ እሳቱ ከበረታ ይከስላል፣ የከሰለውም ይጣላል። ሁሉም በሸክላ ወይም በብርጭቆ ማፍያ ውስጥ ከላያቸው 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ውሃ ለ30 ደቂቃ ይዘፈዘፋሉ። የብረት ድስት አይሆንም፤ የባይ ሻኦው ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ፈሳሹን ያጠቁረዋል። ከፈላ በኋላ እሳቱ ተቀንሶ 25 ደቂቃ፣ ተጠልሎ እንደገና በአዲስ ውሃ 20 ደቂቃ። የሁለቱ ፈሳሽ ተቀላቅሎ ጠዋትና ማታ ይከፈላል። ኤኤልቲና ቢሊሩቢን ከመጀመሩ በፊትና በ2ኛው ሳምንት ይለካሉ፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ገላው ካሳከከው ወይም የዓይኑ ነጭ ከበጨጨ ማፍያው ይወርዳል። በቅመሙ ላይ የሚጨመረው ናና ደግሞ ሊወጣ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚገባው፤ ከመጀመሪያው ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።